ከልጣጩ የመጣ ራስ ምታት

ጠርሙሶቹ ጥቁር ስለሆኑ የመጠጡ ቀለም አይታይም። ጣዕሙም በቀላሉ እንዳይለይ በደንብ ቀዝቅዟል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለንደን ውስጥ፣ ቀይ ወይን በቀመሱ ቁጥር ማይግሬን እንደሚነሳባቸው ሲናገሩ የኖሩ 19 ሕመምተኞች ከእነዚህ ጠርሙሶች ተቀድቶላቸው ጠጡ። ለ11ዱ የደረሳቸው ቀይ ወይን ነበር፤ ለስምንቱ ደግሞ የአልኮል መጠኑ ከወይኑ ጋር እኩል እንዲሆን የተበረዘ ቮድካ። ወይን ከጠጡት 11 ሰዎች ዘጠኙን ማይግሬን ያዛቸው። ቮድካ ከጠጡት መካከል ግን አንድም ሰው አልታመመም።

በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ሙከራ ትንሽ ነው። ቢሆንም ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳይጨርስ ግንባሩን ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ጠበቃ ሆኖ የቆመ ሙከራ ነው። ጥፋቱ የአልኮሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቮድካውም ራስ ባሳመመ ነበር። «አብዝተህ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ለእነዚህ ሰዎች አልሠራም።

ክሱ ራሱ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሴልሰስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የሕክምና መጽሐፍ የራስ ምታትን መነሻዎች ሲዘረዝር፣ ወይን መጠጣትን ከብርድ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ግለት ጋር አስቀምጦታል። የዚያ ዘመን ወይን ደግሞ ሌላም መዘዝ ነበረው። ሮማውያን የወይን ጭማቂ በእርሳስ ድስት አፍልተው ካወፈሩ በኋላ ለወይን ማጣፈጫ ያደርጉት ነበር፤ እርሳሱም አብሮ ይጠጣል።

በእርሳስ ማጣፈጡ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት አልጠፋም። በ1690ዎቹ ኤበርሃርድ ጎከል የተባለ የጀርመኗ ኡልም ከተማ ሐኪም፣ መነኮሳት በከባድ የሆድ ቁርጠት ሲሠቃዩ አየ። በዚያው ገዳም እየኖሩ ወይን የማይቀምሱት ግን ደህና ነበሩ። ጎከል ነገሩን ሲከታተል፣ የኮመጠጠ ወይን ለማጣፈጥ የእርሳስ ውህድ እንደሚጨመርበት ደረሰበት። የቩርተምበርግ መስፍንም በ1696 ድርጊቱን በአዋጅ ከለከለ። ሐኪሙ የጠጣውን ካልጠጣው ጋር አነጻጸረ፤ የለንደኖቹም ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በዘመናችን ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወይን እንዳይበላሽ በሚጨመረው የድኝ ውህድ፣ በሰልፋይት ላይ ነው። የዚህ ክስ መነሻ ግን ራስ ምታት አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በምግብ ቤቶች የሚቀርብ ሰላጣ ትኩስ መስሎ እንዲቆይ ሰልፋይት ይረጭበት ነበር። አስም ያለባቸው ሰዎች በልተው ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። መንግሥት በ1986 ውህዱን ከጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ አገደ፤ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ወይን ጠርሙስ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አስገደደ። ማስጠንቀቂያው ለአስም ሕመምተኛ ሕይወት አድን ነው። ራሱን ያመመው ጠጪ ግን ጠርሙሱን ሲያገላብጥ መልሱን ያገኘ መሰለው። ሰልፋይት እኮ በአብዛኛው ከቀዩ ይልቅ በነጩ ወይን ይበዛል፤ በደረቀ አፕሪኮት ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ወይን ውስጥ የሚገኙት ሂስታሚንና ታይራሚን የተባሉ ውህዶችም በተራቸው ተከሰዋል፤ ጉዳዩን የሚዘጋ ማስረጃ ግን አልቀረበባቸውም።

ቀዩን ከነጩ የሚለየው ልጣጩ ነው። ነጭ ወይን ሲሠራ ፍሬው ይጨመቅና ልጣጩ ይወገዳል። ቀዩ ግን ከነልጣጩ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይብላላል። አማርኛ «ወይን ጠጅ» የሚለው ቀለም የሚወጣው ከዚሁ ልጣጭ ነው። ከቀለሙ ጋር ሌሎች ውህዶችም ይወጣሉ፤ ከእነሱ አንዱ ኩዌርሰቲን ነው።

ኩዌርሰቲን ለምን እንደተጠረጠረ ለመረዳት ከወይን እርሻ ወጥቶ ጎማ ፋብሪካ መግባት ያስፈልጋል። በ1937 አንድ የአሜሪካዋ ኮኔቲከት ግዛት ሐኪም፣ ጎማ ለማጠንከር በሚያገለግል ኬሚካል አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች ቢራ እንኳ መጠጣት እንዳልቻሉ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ኮፐንሃገን ውስጥ የንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የዚያ ኬሚካል የቅርብ ዘመድ የሆነውን ዳይሰልፊራም ለሆድ ትል መድኃኒትነት አጩት። ጉዳት እንዳለው ለማየት ራሳቸው ዋጡት። ከዚያ መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው በፍጥነት መታ፣ ራሳቸውን አመማቸው። ግኝታቸው በ1948 ታተመ፤ እንክብሉም አንታቢውዝ በሚል ስም መጠጥ የሚያስተው መድኃኒት ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጉበት አልኮልን መጀመሪያ የሚለውጠው አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ነው። ቀጥሎ ኤኤልዲኤች2 የተባለ ኢንዛይም መርዙን ያከሽፈዋል። ዳይሰልፊራም ይህን ሁለተኛውን እርምጃ ስለሚገታ መርዙ ይጠራቀማል። በምሥራቅ እስያ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ኢንዛይሙ በተፈጥሮው ደካማ በመሆኑ ጥቂት ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል።

በ2023 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አፕራሚታ ዴቪ፣ አንድሩ ዋተርሃውስና የነርቭ ሐኪሙ ሞሪስ ሌቪን አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ኩዌርሰቲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል፤ ያ መልኩ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ኢንዛይሙን ገታው። ብልቃጥ የሰው አካል አይደለምና ተመራማሪዎቹም መላ ምት ብለው ነው ያቀረቡት። ሆኖም ሐሳቡ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይፈታል፦ ቀይ ሽንኩርት በኩዌርሰቲን የታወቀ ነው፤ ወጥ በልቶ ግን እንዲህ ራሱን የሚያመው የለም። ወጡ ውስጥ አልኮል የለማ።

ኩዌርሰቲን ወይን ፀሐይ ሲመታው ልጣጩ ውስጥ የሚያዘጋጀው መከላከያ ነው። በካሊፎርኒያው ናፓ ሸለቆ ውስጥ ጥሩ ወይን የሚፈልግ ገበሬ ዘለላው ፀሐይ እንዲያገኝ በዙሪያው ያለውን ቅጠል ያራግፋል። እንዲህ የተጋለጠ ፍሬ ቅጠል ከጋረደው አራትና አምስት እጥፍ ኩዌርሰቲን ሊይዝ ይችላል። ቅጠሉ ሳይነካ በጥላ የበሰለው ዘለላ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በርካሹ ጠርሙስ ውስጥ ነው።