ማን ቤቱ ድረስ ይሂድ?

ድብ ባሕር ከሊማሊሞ ግርጌ ናት፤ ከደባርቅ የሚወርድ ሹፌር ጠመዝማዛውን ጨርሶ «ተመስገን» የሚልባት። እዚያ በጓሮ ጎጆ፣ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ የኖረ አጎት ነበረኝ። ትምህርት ቤት «አጎት አለህ?» ሲሉኝ «የለኝም» እል ነበር። አያቴ ጨክና አይደለም ያሰረችው። እንዳይጠፋባት፣ ደግሞም «ዘራቸው ውስጥ እብደት አለ» ተብሎ አክስቶቼ ሳይዳሩ እንዳይቀሩ ፈርታ ነው።

ድሮስ መሸሸግ ብቻ ነበር ወጋችን? አይመስለኝም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ቤቶችን ሥርዓት መዘገበ። የባህል አጥኚው ሳይመን ሜሲንግም በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የጎንደርን ዛር እንደ አንድ ዓይነት የቡድን ሕክምና አየው። ዛርን ማወደሴ አይደለም። ስንቱን ቤት አራቁቷል፤ ለአጎቴ ዓይነቱ ሕመምም መላ አልነበረውም። ግን ዛር የያዘው ሰው ከሰው መሀል ይቀመጥ ነበር።

ሕሙሙን ከሰው መሀል የመመለሱ ነገር በዘመናዊው ሕክምና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ድርሻ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘ በኋላ ቤት ይሄዳል፣ ቤተሰቡን ያነጋግራል፣ ጎረቤቱን ያስረዳል። ትምህርቱ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ ነበር። አብዮቱ መጣና ተዘጋ። በዩኒቨርሲቲው ዳግም የተከፈተው በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት! በመሀሉ ከአማኑኤል ሆስፒታል የሠለጠኑ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ወደየክፍለ ሀገሩ ወጥተዋል፤ ቤት ለቤት ለመዞር ግን ጊዜው ከየት ይምጣ?

በ2001 የወጣ የቡታጅራ ጥናት 178 የሕሙማን ዘመዶችን ጠይቆ ነበር፤ 75 በመቶው መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም ለካ! በኋላ ሶዶ ላይ የአምስት ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች የሕሙማኑን ቤት እየጎበኙ ማኅበረሰቡን አነጋገሩ። በ2022 የታተመው ውጤት፣ ይህ ጉብኝት ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ሲጣመር ሕሙማኑ ከሕክምናው ብቻ የበለጠ ሠርተው መኖር እንደቻሉ አሳየ።

አጎቴ ሲረጅም ጎንደር ታክሞ ሰንሰለቱ ወለቀ። ዳሩ ምን ዋጋ አለው፣ ለወንፈል የሚጠራው ጠፋ። አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ልጅ መጥታ ጎረቤቱን ቡና ላይ ሰበሰበች። ስለ በሽታው ብዙም አላወራችም። «ጋሼ ማረስ ይችላሉ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ «ድሮ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር» አሉ።

በዚያ ክረምት ለአረም ተጠራ። አያቴ ጠላ ተሸክማ ተከተለችው።