ከፓራፋንጎ ሥር ያለው ጋሻ

በአሜሪካ አገር አሮጌ አውቶሞቢሎችን ወደ ጥንተ መልካቸው የሚመልሱ ሰዎች፣ ቀለሙንና ክሮሙን፣ መቀመጫውንና ሞተሩን በብዙ ድካምና ወጪ ካበጁ በኋላ፣ ከፓራፋንጎው ሥር ተሰውሮ የሚኖረውን የጭቃ መከላከያ «ማን ያየዋል» ብለው ሳያስሩት የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን ያ ከዓይን የራቀ ጋሻ፣ መኪናው የተሠራበትን ዘመን መንገድ ከሚያብረቀርቀው አካል ሁሉ ይልቅ አጥርቶ የሚመሰክር ስለ ሆነ፣ እርሱ የጎደለው እድሳት በእኔ ፍርድ ገና ያልተፈጸመ ግብር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 በተደረገው ቆጠራ፣ ከ2 ሚሊዮን ማይል በላይ ከነበረው የአሜሪካ የገጠር መንገድ ጠጠር ወይም ሌላ ንጣፍ የነበረው 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ፀሐይ ሲበረታ አቧራ፣ ዝናብ ሲጥል ማጥ ነበር። ሐኪሙ ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን በ1903 በዊንተን መኪና ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ለመግባት 63 ቀን የፈጀበት በዚህ ዓይነቱ ምድር ላይ ነው። ስለዚህም ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲን ሲያወጣ፣ ከእግር መርገጫው እስከ ሻንሲው ያለውን ክፍተት በላሜራ ደፈነው፤ በተከታዩ በሞዴል ኤም ከሞተሩ ግራና ቀኝ ሌላ ላሜራ ተዘረጋ። መካኒኮች ግን ከሞተሩ ሥር እጃቸውን ለማግባት በፈቱት ቍጥር መልሶ ማሰሩ እየሰለቻቸው ከጋራዡ ጥግ ይጥሉት ስለ ነበር፣ ብዙው ሞዴል ኤ ይህን ጋሻውን እንዳጣ አረጀ።

በ1916 የፌዴራሉ መንግሥት ለመንገድ ሥራ የገንዘብ ድጋፍ እንዲሰጥ በሕግ ከተደነገገ ወዲህ ጭቃው እያደር ቢቀንስም፣ ሌላ ጠላት ተተካ፤ ይኸውም ጨው ነው። የኒው ሃምፕሸር ግዛት በ1938 በረዶ ለማቅለጥ ጨው በመንገድ ላይ መበተን ጀመረ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ልማዱ በሰሜኑ ክፍል ሁሉ ተስፋፋ፤ ጎማው የሚረጨው ጨዋማ ውኃም ብረቱን ከውስጥ ይበላው ገባ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪናዎች ውስጥ የምናገኘው ጋሻ፣ በውስጡ ጨርቅ የተቀበረበት፣ መንኰራኵሩን የሚይዘው ክንድ ከፍና ዝቅ ሲል አብሮ የሚተጣጠፍ ጎማ ሲሆን፣ ከላሜራው ጋር የሚያያዘውም እንደ ወረቀት ማያያዣ ባለ፣ ነገር ግን እጅግ በወፈረ ባለ ሁለት እግር ሽቦ ነው።

መልሶ ማሰሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የደረቀው ጎማ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ቀለም ሳይጠቍር ስለሚገኝ፣ ያ ጥላ የጋሻው ትክክለኛ ስፍራ ምልክት ነውና ላሜራው ከመጠረጉ በፊት መለካትና ፎቶግራፍ መነሣት አለበት፤ የተቀደደውም ጎማ ቢሆን ቅርጹ በካርቶን ላይ እስኪገለበጥ ድረስ አይጣልም። ከዚያ ዝገቱ ተፍቆ፣ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው፣ ቀለሙም በሚገባ ደርቆ፣ ላሜራው ገና ለብቻው ሳለና ከጀርባው እጅ በሚገባበት ጊዜ፣ የሽቦው እግሮች ከጎማው በኩል ገብተው በማዶ በፒንሳ ይታጠፋሉ፤ ከልክ በላይ ቢጠብቁ ጎማውን ይቈርጡታል፣ ቢላሉም መኪናው በተንቀጠቀጠ ቍጥር አዲሱን ቀለም ይፍቁታል።

በሽቦው ፈንታ ብሎን የሚያስገቡ አሉ። መኪናውን በየቀኑ በጨው መንገድ የሚነዳ ሰው የማይዝግ ብሎን ቢመርጥ አልነቅፈውም፤ በ1935 ፊላዴልፊያ ላይ የተቋቋመው የአሜሪካ ጥንታዊ አውቶሞቢሎች ክበብ ለሚያደርገው የፍርድ ውድድር የሚዘጋጅ ግን፣ ዳኞቹ የሚፈልጉት ከፋብሪካው እንደ ወጣ ያለውን ሥርዐት ነውና ሽቦውን ሊተው አይገባውም። ዛሬ አስመስለው የሚሠሩት ጎማዎች ቀዳዳቸው ተበስቶ ቢሸጡም፣ ሁሉም ከላሜራው ቀዳዳ ጋር ልክ ለልክ አይገጥሙምና፣ አንድም ሽቦ ከመታጠፉ አስቀድሞ ከካርቶኑ ጋር ማስተያየት ይገባል።