«ታለንት»፦ ትርጉሙን ከስብከት ያገኘ ቃል

በሚቀጥለው እሑድ ማቴዎስ 25፥14–30ን ቢሰብኩ መክሊቱን ምን ብለው ያብራሩታል? ብዙዎቻችን መክሊት ማለት ተሰጥኦ ነው እንልና መዘመር የሚችለው እንዲዘምር፣ ማስተማር የሚችለው እንዲያስተምር እንመክራለን። አንዳንዴም «በእንግሊዝኛ እኮ ታለንት ነው የሚባለው» ብለን እናጸናዋለን። እኔም ከመድረክ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ይህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ የእንግሊዝኛው ቃል ያንን ትርጉም ያገኘው ከዚሁ ምሳሌ ነውና።

የቃሉ ሥር የግሪኩ «ታላንቶን» ነው። መጀመሪያ ሚዛንን፣ ቀጥሎ በሚዛን የሚለካ ክብደትን፣ ኋላም በዚያ ክብደት የሚቆጠር ገንዘብን አመለከተ። በራእይ 16፥21 ከሰማይ የወረደው በረዶ የሚለካው በዚሁ ቃል ነው፤ እዚያ ላይ «ተሰጥኦ» ብሎ የሚተረጉም አይገኝም።

ቃሉ በላቲን በኩል ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሲሻገር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሚዛን ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል ልብም ያዘነብላልና፣ በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይኛ ዝንባሌ፣ ፍላጎት፣ ምኞት ማለት ሆነ። እንግሊዝኛም በዚሁ ትርጉም ተዋሰው። ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፋቸው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ የሥርየት ደብዳቤ የሚሸጠው ሰውዬ ሆዳምነትን ሲነቅፍ «ታለንት» የሚለው የሆድን ምኞት ነው። (ሰውዬው ራሱ ለገንዘብ የሚሰብክ ሰባኪ ነው፤ ለእኛ ለሰባኪዎች ይህን ማስታወስ አይከፋም።) «የተፈጥሮ ችሎታ» የሚለው የዛሬው ትርጉም በ15ኛው መቶ ዘመን ገባ፤ ምንጩም የማቴዎስ 25 ምሳሌያዊ አተረጓጎም ነው። መክሊቱ የእግዚአብሔር ስጦታ ምሳሌ ነው ተብሎ ሲሰበክ ኖረና፣ ምሳሌው ተረስቶ ቃሉ ብቻውን ወደ ገበያ ወጣ። አሁን «ታለንት ሾው» ሲባል ሦስቱን ባሪያዎች የሚያስብ የለም። በእኛም ዘንድ ተዋናዩ «መክሊቴን አገኘሁ» ሲል እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ስብከት ለቃሉ ትርጉም ሰጠ፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ትርጉም ከመዝገበ ቃላት አንሥተን ለስብከታችን ማስረጃ አደረግነው።

ምንባቡን ራሱን እንየው። ቁጥር 15 ጌታው መክሊቱን ያከፋፈለው ለእያንዳንዱ «እንደ ዓቅሙ» እንደ ነበር ይናገራል። ዓቅሙ አስቀድሞ ነበረ፤ መክሊቱ በኋላ መጣ። መክሊት ችሎታ ከሆነ፣ ጌታው ለእያንዳንዱ ችሎታውን እንደ ችሎታው ሰጠው ማለት ይሆንብናል! የተሰጠው የጌታው ንብረት ነው (ቁ. 14)። መጠኑም ጥቂት አልነበረም። መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው (ማቴ. 20፥2)። ሦስተኛው ባሪያ የቀበረው የ20 ዓመት ገደማ ደመወዝ ነው።

ታዲያ መክሊቱ ምንድን ነው? ጳውሎስ በሮሜ 12 እና በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ ጸጋ ስጦታዎች ሲጽፍ ይህን ቃል አይጠቀምም። እኔን የሚያሳምነኝ ማቴዎስ ራሱ የተወው ፍንጭ ነው። ላለው እንደሚጨመርለት የሚናገረው ቃል በ25፥29 ከመምጣቱ በፊት በ13፥12 ይገኛል፤ እዚያም ጉዳዩ የመንግሥተ ሰማያትን ምሥጢር ማወቅ ነው። ጌታ በአደራ የሰጠን ሁሉ መክሊት ነው፣ ችሎታም ይጨመርበታል የሚሉ አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አልከራከርም። ችሎታ ብቻ ነው ማለትን ግን ምንባቡ አይሸከመውም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎ። በስብከት ልምምድ ክፍል «እኔ መክሊት የለኝም» የሚሉ ተማሪዎች ይገጥሙኛል፤ ድምፄ አያምርም፣ አንደበቴ አይፈታም ማለታቸው ነው። በየጉባኤያችንም ይህንኑ ብለው ከኋላ ወንበር የቀሩ እናቶች አሉ። በምሳሌው ውስጥ ግን ባዶ እጁን የቀረ ባሪያ የለም። ሦስተኛውም ባሪያ ችሎታ አነሰኝ አላለም። ጌታው ጨካኝ ሰው እንደ ሆነ ቆጥሮ ፈራ፤ ሄዶም ቀበረው (25፥24–25)።