ከቁራኛ እስከ ቴሌብር፦ በሩቅ የሚሸጥ ሰው እንዴት ይታመናል?

ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ዛሬ የምንሸጠው በስልካችን ነው። በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ፣ የሀበሻ ልብስ የሚያሰፉ፣ ጫማና ቦርሳ የሚቸረችሩ እህቶቻችን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ይለቃሉ። ገዢ ይደውላል፣ ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ያስገባል፣ ዕቃው በሞተረኛ ይላክለታል። የሱቅ ኪራይ የለም፣ ልጅ ጥሎ መዋልም የለም። ነገር ግን ሻጭና ገዢ አይተያዩም። ዕቃው ሲዘገይ ወይም በፎቶ እንደታየው ሳይሆን ሲቀር ከገዢ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «አጭበርባሪ» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜም የፖሊስ መጥሪያ ይከተላል።

እኛ በሂሳብ ክፍል የምንሠራው እንዲህ ያለ ክስ ከደረሰባቸው አባላት ጋር ደብተርና መልእክት አብረን ስናገላብጥ ቆይተናል። ባየናቸው ጉዳዮች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ ሻጯ ታማኝ መሆኗን በምን ታሳያለች? ጥያቄው ከስልክ ጋር የመጣ ቢመስልም ከስልክ በፊት ረጅም ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ ማወቅ መጥሪያ ሲመጣ ለመረጋጋት፣ እንዳይመጣም ለመጠንቀቅ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

ዋስ፣ ምስክርና መዝገብ

በአገራችን በቀድሞ ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ይሄዱ ነበር። ይህ አሠራር ቁራኛ ይባላል። 20ኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ እንኳ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ባለዕዳና ባለገንዘብ ተቆራኝተው በመንገድ ሲሄዱ ማየታቸውን ጽፈዋል። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን አልቀረም፤ ለረጅም ጊዜ የታመመን ሰው ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን።

የቁራኛ ችግሩ ሆን ብሎ የበላውንና መክፈል የቸገረውን አለመለየቱ ነበር። ከሳሹም ሥራ ፈትቶ አብሮ ይንገላታል። ከዚያ ለመዳን የሚጠራው ዋስ ነበር። ስምምነት ሲደረግም ምስክር ይቆጠራል። ዕቁባችን እስከ ዛሬ የቆመው በእነዚህ ነው፦ ዕጣ የወጣላት ሴት ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት ዋስ ታቀርባለች፣ አባላቱ እያዩ ትቀበላለች፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ዋስ፣ ምስክርና መዝገብ ካሉ ማንም ማንንም ሌባ ለማለት አይቸኩልም።

ሱቅ የሌለው ነጋዴ

በሩቅ መሸጥ በሰፊው ከተጀመረባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ በየገጠሩ እየዞረ የሚሸጥ ሠራተኛ ነበር። ገበሬው ለአካባቢው ባለሱቅ ከልክ ያለፈ ዋጋ እንደሚከፍል አይቶ ዕቃ በፖስታ ትእዛዝ ለመሸጥ አሰበ። የመጀመሪያ ዕቃው እ.ኤ.አ. በ1871 በደረሰው የቺካጎ ቃጠሎ ወደመበት፤ በ1872 እንደገና ጀመረ። ያሳተመው ዝርዝር 163 ዓይነት ዕቃ የያዘ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ዋና ደንበኞቹ ግሬንጅ የሚባለው የገበሬዎች ማኅበር አባላት ነበሩ። ይህ በ1867 የተመሠረተ ማኅበር ሴቶችን ከወንዶች እኩል በአባልነት የተቀበለ ስለሆነ ለእኛ ለማኅበርተኞች ታሪኩ ሩቅ አይደለም።

በ1873 መገባደጃ ላይ ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ የግሬንጅ አባላት ከዋርድ እንዲጠነቀቁ ጻፈ። ዋጋው ከመጠን በላይ ርካሽ ነው፣ ሰው የሚያየው ሱቅ የለውም፣ የሚገኘውም በፖስታ ሣጥን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አጭበርባሪ ነው የሚል ነበር ክርክሩ። ዛሬ «ቢሮሽ የት ነው? ለምን ረከሰ?» እየተባልን የምንጠረጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ዋርድ አሠራሩን አስረዳ፤ ጋዜጣውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሱን አነሣ። ዋርድ ማስተባበያውን አትሞ ለደንበኞቹ አሠራጨው። በ1875 ደግሞ ዕቃው ያልተስማማው ገዢ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ቃል ገባ። ዋስ የሚሆነው ሰው በአጠገቡ ስላልነበረ ለራሱ ዋስ የሆነው በጽሑፍ በሰጠው ቃል ነው።

ጋዜጣው የጠረጠረው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ፖስታ እውነተኛ አታላዮችም ይጠቀሙ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1872 በፖስታ ማታለልን ወንጀል ያደረገው ለዚህ ነው። አዲስ መገበያያ ሲመጣ ታማኙም አታላዩም አብረው ይገቡበታል፤ ከሩቅ ሲታዩም አንድ ይመስላሉ።

ከፖስታ ወደ ኢንተርኔት

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ፒየር ኦሚዲያር በኋላ ኢቤይ የተባለውን የጨረታ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሻጭና ገዢ እየተካሰሱ አቤቱታቸውን ለእርሱ ይልኩ ጀመር። በየካቲት 1996 ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው በይፋ የሚጽፍበት ቦታ አዘጋጀ። ይህ የእኛ ምስክር ነው፤ ልዩነቱ ምስክሮቹ የማይተዋወቁ መሆናቸው ብቻ ነው።

ምስክር ብቻውን አልበቃም። በ2000 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ማታለል አቤቱታ የሚቀበል ማዕከል ከፈተ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጨረታ ሽያጭ አቤቱታ ከሁሉ ይበዛ ነበር። በቻይና ደግሞ በ2003 ታዎባኦ የተባለው ገበያ ሲከፈት አሊፔይ የሚባል አሠራር አብሮ መጣ። ገዢው የከፈለው ገንዘብ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆያል፣ ዕቃው መድረሱን ገዢው ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቀቃል። ይህም የዕቁብ ዋሳችን ታናሽ ወንድም ነው።

መዘግየትና ማታለል

በእኛ አገር ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ገንዘብ መላክ ቀለለ። በቴሌግራም የምንሸጠው ሻጮች ግን ገንዘቡን በመሐል የሚይዝልን ዋስ የለንም፤ ክፍያው በቀጥታ ወደ እኛ ይገባል። ዕቃው ሲዘገይ ገዢው ወደ ፖሊስ የሚሮጠው ሌላ መያዣ ስለሌለው ነው።

ሕጋችን ግን መዘግየትንና ማታለልን ይለያል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። ለዚህ ወንጀል ያልተገባ ጥቅም የማግኘት ሐሳብና ሰውን የሚያሳስት ቃል ወይም ድርጊት መኖር አለበት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸመውን ማታለል ይቀጣል። ዕቃው ከአስመጪው ስለዘገየ ብቻ አንዲት ሻጭ አታላይ አትሆንም፤ ጉዳዩ የውል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቀብድ የራሱ መልስ አለው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉን የተወው ቀብድ ከፋዩ ከሆነ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተወው ተቀባዩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለእኛ ከባድ ነው፤ ሆኖም ክፍያ እንጂ እስር አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። ቁራኛ በሕግ የተዘጋው እንዲህ ነው።

ገዢም መብት አላት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛች ሴት እንዲለወጥላት ወይም ገንዘቧ እንዲመለስላት እንድትጠይቅ ይፈቅድላታል። እኛም ነገ ገዢ ነንና ይህን መብት ልናከብረው ይገባል።

ሦስተኛው ሰው

ከሁሉ የሚያሳስበን በሁለት ሰዎች መካከል የሚገባ አታላይ ነው። የእህታችንን ፎቶ ወስዶ በራሱ ቻናል ይለጥፋል። ገዢ ስትመጣለት «ገንዘቡን በዚህ አስገቢ» ብሎ የእህታችንን የሂሳብ ቁጥር ይሰጣታል። ለእህታችን ደግሞ ከፋዩ እርሱ እንደሆነ ነግሮ ዕቃውን ተረክቦ ይጠፋል። የከፈለችው ሴት በእጇ ያለው ማስረጃ የእህታችን ስም ነው። ፖሊስም መጀመሪያ የሚጠራው እርሷን ነው። ሁለቱም ተበዳዮች ሆነው ሳለ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው ይቆማሉ።

ደብተራችን ዋሳችን ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ስለደነገገ፣ የቴሌግራም መልእክታችንም ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አባሎቻችን እነዚህን እንዲያዘወትሩ እንመክራለን።

ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥር ስጡ፤ ቀኑን፣ ዋጋውን፣ ቀብዱንና የማስረከቢያውን ቀን በደብተር ጻፉ። የከፈለው ሰው ስም ካዘዘው ሰው ስም ጋር መመሳሰሉን ሳታዩ ዕቃ አትልኩ። የተላከላችሁን የክፍያ ፎቶ አትመኑ፤ ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ ሂሳብ አረጋግጡ። ሞተረኛው ሲያስረክብ የተቀባዩን ስምና ፊርማ ያምጣ። ገንዘብ ስትመልሱ በመጣበት ሂሳብ መልሱ። ዕቃ ሲዘገይ ገዢው ሳይጠይቅ እናንተ ቀድማችሁ ጻፉ። የተቆጣን ገዢ አትዝጉበት፤ መልእክቱንም አታጥፉ፤ መርማሪ ዝምታን እንደ መሸሽ ሊያየው ይችላል።

መጥሪያ ከመጣ በቀኑ ሂዱ፣ ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ። የተያዘ ሰው ምክንያቱ እንዲነገረው፣ ላለመናገርና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ለመቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መብት አለው። ፎቷችሁን «ሌባ» ብሎ የለጠፈ ሰው ካለም አዋጅ 958/2008 በኮምፒዩተር የሚደረግ ስም ማጥፋትን እንደሚቀጣ እወቁ፤ የተለጠፈውን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት።

አጋሮቻችን «የሰጠናችሁ ብድር ምን ላይ ዋለ?» ብለው ሲጠይቁን በየወሩ ሂሳብ እናሳያቸዋለን፤ ስለዚህም ያምኑናል። አባሎቻችንም ለገዢዎቻቸው ይህንኑ ማሳየት ይችላሉ። የትእዛዝ መመዝገቢያ ደብተር የሌላት አባል ወደ ሂሳብ ክፍል ትምጣ፤ የመጀመሪያውን ገጽ አብረን እናሰምራለን።