የአድያም ሰገድ ኢያሱ ዜና፣ የክፉ ምክርም ነገር

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። በጣና ላይ የሆነውን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ዜና፣ ሐይቁን ከዳር ሆኖ እያየ ለሚያድግ ትውልድ እንጽፋለን።

ኢያሱ የጻድቁ ዮሐንስ ልጅ፣ የፋሲል የልጅ ልጅ ነው። በ1674 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ ነገሠ። ብርቱ ዘማች ነበረ፤ የቀረጥን ሥርዓት አቃና፤ በጎንደርም ደብረ ብርሃን ሥላሴን አሠራ። በ1691 ዓ.ም. ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የስናርን በረሃ አቋርጦ መጥቶ ከደዌው አከመው።

ከዚህም በኋላ የሚወዳት ዕቁባቱ ቅድስተ ክርስቶስ ሞተችበት። ንጉሡም ኀዘን ስለ በረታበት የመንግሥቱን ሥራ ትቶ ወደ ጣና ደሴት ገባ። ሐይቁም ለጎንደር ነገሥታት እንግዳ አልነበረም፤ አያቱ ፋሲልም የተቀበረው በዚሁ ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ነውና።

በጎንደር ግን የልጁ የተክለ ሃይማኖት እናት ንግሥት መለኮታዊት ከወንድሞቿ ከደርመንና ከጳውሎስ ጋር ነበረች። የልቧን ቅናት እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሥራዋ ግን ታየ። እርሷና አንዳንድ መኳንንት ተማክረው የአክሱሙን ንጉሥ የካሌብን ታሪክ አነሡ። ካሌብ ዓለምን ንቆ በመነነ ጊዜ መንግሥቱ ለልጁ አልፏል፤ ኢያሱም ደሴት ገብቷልና ዙፋኑን እንደ ተወ ይቆጠራል አሉ።

ምክሩ በጻድቅ ስም የተሸፈነ ስለ ሆነ ሊመልስለት የደፈረ ጥቂት ነበረ። ካሌብ ግን ዘውዱን በገዛ እጁ አውልቆ ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደ እንጂ በሌለበት ማንም አልነጠቀውም። ኢያሱ አልቅሶ ነበር እንጂ አልመነነም፤ ዘውዱንም ለማንም አልሰጠም። እነርሱ ግን በ1698 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖትን ልዑል ሰገድ ብለው አነገሡት።

ኢያሱ ይህን ሰምቶ ከጣና ምዕራብ ወደ ጎንደር ገሠገሠ። በመንገድም ታመመና ጨቅላ መንዞ ወደምትባል ደሴት ተመለሰ። ዘመኑ 1699 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ፣ ወሩ ጥቅምት ነበረ፤ ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በውኃ ውስጥ ቆሞ ሳለ ደርመንና ጳውሎስ ተሻገሩ። በደዌ የወደቀውን ንጉሥ በጠመንጃ ተኩሰው ገደሉት። የነገሠበትም ዘመን 24 ዓመት ነው። ሥጋውም በምጽራሃ ደሴት ተቀበረ።

አሁን የመካሪዎቹን ፍጻሜ እንናገራለን። ተክለ ሃይማኖት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ነግሦ በ1700 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ ለአደን በወጣበት የአባቱ ወዳጆች ወግተው ገደሉት። ሕዝቡም እርጉም ተክለ ሃይማኖት አለው። በእርሱ ፋንታ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነገሠ፤ የወንድሙንም ደም መረመረ። መለኮታዊትን በአደባባይ ሰቀላት፤ ሁለቱንም ወንድሞቿን ገደላቸው።

ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ሲል ምቀኛው በውጭ ያለ ይመስለዋል። ኢያሱን የጣለው ግን በድንበር የገጠመው ጠላት አይደለም፤ በቤቱ የተቀመጠ፣ የነገሥታትን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ መካሪ ነው። ስለዚህ ንጉሥ የጥንቱን ምሳሌ ይዞ የሚቀርብ መካሪ ሲመጣበት፣ በፍርዱ ማን እንደሚሾምበት አስቀድሞ ይጠይቅ።