«ሁለት-አንድ» ምንድን ነው? የእንግሊዝ የዲግሪ ደረጃ ከየት መጣ

ዛሬ የምናወራው ስለ ነጥብ ነው። የባግሩት አይደለም፣ የፕሲኮሜትሪም አይደለም፤ እነሱንማ ጠግባችኋቸዋል። የዛሬው የእንግሊዞቹ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩን ያነሳነው ከቂርያት መናሔም ልጆች ደጋግሞ ስለሚመጣ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ቶአር ሪሾን ጨርሰዋል፣ ሜሙፃቸው 76 ወይም 78 ነው። እንግሊዝ አገር ማስተርስ ለመማር ሲያዩ «ሁለት-አንድ ያስፈልጋል» ይላል። የኳስ ውጤት ይመስላል። ትርጉሙን ሲፈልጉ «ከፍተኛ ውጤት» የሚል ያገኛሉ፣ 78ታቸውን ያያሉ፣ ኮምፒውተሩን ይዘጋሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ መዝጋቱ ነው።

እንግሊዞች ቢ.ኤ. ሲሰጡ ተማሪውን በደረጃ ይመድቡታል። 70ና ከዚያ በላይ «አንደኛ»፤ ከ60 እስከ 69 «የሁለተኛ ላይኛው»፤ ከ50 እስከ 59 «የሁለተኛ ታችኛው»፤ ከ40 እስከ 49 «ሦስተኛ» ነው። የሁለተኛ ላይኛው ማለት ነው ሁለት-አንድ። ታችኛው ደግሞ ሁለት-ሁለት ነው፤ ተማሪዎቹ በቀልድ «ዴዝመንድ» ይሉታል፣ በደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ በዴዝመንድ ቱቱ ስም። «ቱ-ቱ» ስለሆነ ነው እንግዲህ።

አሁን ልብ በሉ። እዚያ በታሪክ ወይም በሥነ ጽሑፍ ወረቀት ላይ 80 ያገኘ ተማሪ ብርቅ ነው። ጥሩ የተባለ ወረቀት 65 አካባቢ ያርፋል። እኛ ጋ 65 ያመጣ ልጅ እናቱ ፊት አይቆምም፣ እዚያ ግን ወደ ማስተርስ ይገባል። ስለዚህ የእናንተ 78 የእነሱ 78 አይደለም። «ከ70 በላይ ነኝ፣ እንግዲያው አንደኛ ነኝ» ማለትም አይሆንም፤ እንደዚያ አይቆጥሩላችሁም። ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው።

ሚዛኑን ማን ሠራው? ኦክስፎርድ ውስጥ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ የዲግሪ ፈተና የሚባለው ነገር ለወጉ ያህል የሚደረግ የቃል ጥያቄ ነበር። የጌታ ልጅ ገብቶ፣ ጥቂት መልሶ፣ ዲግሪውን ይዞ ይወጣል። በ1800 ዩኒቨርሲቲው ሕጉን ለወጠና በርትቶ ለሚፈተን ሰው ልዩ ክብር የሚሰጥ ፈተና አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ሒሳብ ከጥንታዊ ቋንቋዎች ተለይቶ ለብቻው ይፈተን ጀመር፤ በ1808 ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ፒል በሁለቱም አንደኛ ወጣ። ካምብሪጅ ደግሞ የሒሳብ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ በተራ ይደረድራቸው ነበር። ከክብር ተመራቂዎቹ የመጨረሻው ልጅ በምረቃው ላይ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ከጓደኞቹ ይቀርብለታል። በተራ መጥራቱ የቀረው በ1909 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ጄምስ ጆሴፍ ሲልቨስተር፣ የለንደን አይሁዳዊ። በ1837 በዚያ በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ሁለተኛ ወጣ። ከሁሉም ሁለተኛ! ዲግሪውን ግን አልሰጡትም። ለምን? ዲግሪ የሚቀበል ሰው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 39 የእምነት አንቀጾች ላይ መፈረም ነበረበት፤ ሲልቨስተር አልፈርምም አለ። ሄዶ በ1841 ዲግሪውን ከደብሊን ተቀበለ። እንዲህ ያለው የሃይማኖት መሐላ በሕግ የተነሣው በ1871 ነው፤ ካምብሪጅም በማግስቱ ዓመት ሰጠው፣ ከ35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1883 ኦክስፎርድ ራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር አደረገው። ይሄን ታሪክ የማነሣው ለሐዘን አይደለም። በሩ ላይ የቆመው ነጥብ ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ እንድታዩ ነው።

ያን በር ሰፋ አድርጎ የከፈተው ለንደን ነው። በ1826 የተመሠረተው ኮሌጅ ሃይማኖት አይጠይቅም ነበር። ከ1858 ጀምሮ ደግሞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ እዚያ ሄዶ ላልተማረ ሰው ፈተናውን ከፈተ፤ የለንደን ወረቀት በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ዞረ። አዲስ አበባም ደርሷል፣ ያውም ቅኝ ያልተገዛች ከተማ ሆና። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የለንደንን የመግቢያ ፈተና ይወስዱ ነበር። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1954 ቻርተሩን አግኝቶ በራሱ ስም ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ነጥቡም ሁለት-አንድ የሚባል አልነበረም፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሆነ፣ ኤ አራት ነጥብ።

ታዲያ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች እንግሊዝ እንዴት ገቡ? የታሪክ ክፍሉን እዩ። ታደሰ ታምራት በ1968፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971፣ ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ዶክትሬታቸውን ከለንደን ዩኒቨርሲቲ፣ ሶአስ ከሚባለው ትምህርት ቤት ያዙ። የታደሰ ሥራ በ1972 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን ነገሥታቱ ከቤተ እስራኤል ጋር ስላደረጉት ጦርነት የሚጽፉ ተመራማሪዎች ዛሬም ያገላብጡታል። ያን መጽሐፍ ያስቻለው ገድሉንና ዜና መዋዕሉን በግዕዝ ማንበቡ ነው። ግዕዝ ደግሞ በየትኛውም የእንግሊዝ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የለም።

ከኢየሩሳሌምም የሄደ አለ። ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ በርሊን አድጎ እዚህ ሀር ሀጾፊም ላይ፣ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ከፖሎትስኪ ተማረ። ያኔ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ዩኒቨርሲቲው ቢ.ኤ. የሚባል አልነበረውም፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ራሱ ኤም.ኤ. ነበር። ስለዚህ እንግሊዞች «ስንተኛ ደረጃ?» ብለው ቢጠይቁት የሚያሳየው ነገር የለውም። ኦክስፎርድ ግን ተቀበለው፣ በ1952 ዶክትሬቱን ሰጠው። በ1964 በሶአስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ። የሕይወት ትዝታውን «ሁለቱ ጽዮኖች» ብሎ የጻፈው እሱ ነው፤ ኢየሩሳሌምና ኢትዮጵያ ማለቱ ነው። የኢትዮጵያን ጎዳና አቋርጦ ወደ ደብረ ገነት ለሚሄድ ሰው ርዕሱ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ 78ታችሁ እንመለስ። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ገጽ አላቸው፤ «እስራኤል» የሚለውን ክፈቱና ሁለት-አንድን በስንት እንደሚተረጉሙት እዩ። አንዱ ከሌላው ይለያል፤ አንዱ ቤት የተዘጋው ሌላው ቤት ክፍት ሊሆን ይችላል። ሁለት-ሁለትን የሚቀበሉ ማስተርሶችም አሉ፣ በተለይ የሥራ ልምድ ላለው ሰው። ገጹ ላይ በጥቂት ነጥብ ከጎደላችሁ ለመግቢያ ክፍሉ ኢሜይል ጻፉ፤ ትራንስክሪፕቱን አያይዙ፣ በመጨረሻው ዓመት ነጥባችሁ ከፍ ካለ ያንን ጻፉ። የአስተማሪ ደብዳቤም ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት። ይሄን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ በሁለተኛው ዓመት ከመርጼው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ያልለመደ ልጅ በሦስተኛው ዓመት ማን ይጻፍልኝ እያለ ይዞራል። እኛ ልጆች መምህር ማስቸገር እናፍራለን፣ ከቤት የወጣ አክብሮት ነው፤ እዚያ ግን ያላወራ ልጅ እንደሌለ ይቆጠራል።

ማስተርሱ ራሱም ደረጃ አለው፤ ማለፊያ፣ መልካም፣ ከፍተኛ፣ በ50፣ በ60፣ በ70። ስለዚህ እዚያ ገብታችሁ የመጀመሪያው ወረቀት 62 ይዞ ቢመለስ እንዳትደነግጡ፣ ለቤተሰብም አስቀድማችሁ አስረዱ። ያያችሁትን የአገር ገጽ ላኩልን፣ በሚቀጥለው አብረን እናነበዋለን። ቸር ሰንብቱ፣ ለሂትራኦት።