የአካል ጉዳት ካሳ ክስ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የአካል ጉዳት ካሳ ክስ በሌላ ሰው ተሽከርካሪ፣ ሥራ ወይም የሙያ ጥፋት የተጎዳ ሰው፣ ሞቶም ከሆነ ቤተሰቡ፣ ጉዳቱ በገንዘብ እንዲተካ የሚያቀርበው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚደነግግበት ክፍል ሲሆን ከአንቀጽ 2027 እስከ 2161 ይዘልቃል።

አዳማ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል በሚዘረጋው የጭነት መስመር ላይ ትገኛለች። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ፈጣን መንገድም ማለቂያው እዚሁ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ ይገባል። በነዚህ ከተሞች ባለተሳቢ መኪና፣ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪና ከብት የሚነዳ ልጅ አንድ አስፋልት ይጋራሉ። የአካባቢው የካሳ ክርክር በብዛት የሚነሳውም ከመንገዱ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ ሐኪምንና አሽከርካሪን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠራቸዋል፤ ሁለቱም የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸውና። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ይለያቸዋል። ተጎጂው ከክሱ ምን እንደሚጠብቅ የሚወስነውም ይኸው ልዩነት ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ተጎጂው የሹፌሩን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉዳቱን ያደረሰው ያ መኪና መሆኑን ማሳየት ይበቃዋል። «ፍሬን እምቢ አለ»፣ «ጎማ ፈነዳ»፣ «ሌላ መኪና ገፋኝ» የሚሉት መልሶች በአንቀጽ 2086 ምክንያት ባለቤቱን ከኃላፊነት አያወጡትም። የሚያወጣው ወይም ኃላፊነቱን የሚቀንስለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፤ መኪናው በአደጋው ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳም ነፃ ይሆናል። የተከሳሽ ጠበቃ እግረኛው በምን በኩል እንደተሻገረ አጥብቆ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መልሱ የሚገኘው ትራፊክ ፖሊስ በቦታው ካነሳው ፕላን ላይ ነው፦ የፍሬኑ ምልክት ርዝመት፣ የአስፋልቱ ስፋት፣ ተጎጂው የወደቀበት ነጥብ። ፕላኑ ሳይነሳ መኪናው ከተነሳ ክርክሩ በምስክር ቃል ላይ ብቻ ይቀራል፤ የመንገድ ዳር ምስክር ደግሞ ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ነው፤ ከወር በኋላ አይገኝም።

የመጀመሪያው የገንዘብ ምንጭ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ይህን መድን እንዲገባ ይገደዳል፤ የጤና ተቋማትም ለአደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው። አዋጁ ሲወጣ ለሞትም ለአካል ጉዳትም የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ለዚሁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ ይከፍላል። ብዙ ቤተሰብ የመድን ድርጅቱን ቼክ ሲቀበል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም፤ ከጣሪያው የሚያልፈውን ጉዳት ባለቤቱ ከኪሱ ይከፍላል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በወር የተጣራ 6,000 ብር የሚያገኝ የ30 ዓመት ባጃጅ ነጂ እግሩ ተጎድቶ የሐኪሞች ቦርድ 30 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ቢወስንለትና የሥራ ዘመኑ እስከ 60 ዓመት ቢታሰብ፣ የሚያጣው ገቢ 648,000 ብር ይሆናል። ገቢውን በሰነድ ማሳየት ካልቻለ፣ የባጃጅ ነጂ ደግሞ የደመወዝ ደብተር የለውም፣ ዳኛው በአንቀጽ 2102 በርትዕ ይቆርጣል፤ በርትዕ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። የዕለት ገቢ የተጻፈበት ተራ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የማኅበር መዝገብ ዋጋ የሚያወጡት እዚህ ላይ ነው።

ለሐዘንና ለሥቃይ የሚከፈለው የሕሊና ጉዳት ካሳ ግን አሳዛኝ ታሪክ ነው። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ ልጇን ያጣች እናት የለቅሶ ድንኳን እንኳ አትከራይበትም። ይህ ቁጥር ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይነካ መቆየቱ በሕጉ ላይ ያለ ግልጽ ጉድለት ነው።

በአርሲና በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ሰው ሲሞት ሽማግሌ ይገባል፤ ጉማ (የደም ካሳ) ይከፈላል፤ የመኪና አደጋም ከዚህ አይወጣም። የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። እርቁ ቂምን በማስቀረት የማይተካ ሥራ ይሠራል። ሆኖም በጽሑፍ የተደረገ የእርቅ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደ መጨረሻ ፍርድ ያስራል። ተጎጂው ገና ፋሻው ሳይፈታ፣ የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ብሎ ከፈረመ፣ በኋላ እግሩ ቢቆረጥ እንኳ የሚሰማው ዳኛ ማግኘት ይከብደዋል።

በሕክምና ስህተት ክስ የማስረዳት ሸክሙ ይገለበጣል። በአንቀጽ 2031 ሐኪሙ ኃላፊ የሚሆነው የሙያውን ደንብ መጣሱ ሲረጋገጥ ነው፤ ሕክምናው ውጤት አለማምጣቱ ብቻውን አይበቃም። ቀጣሪው ሆስፒታልም ለሠራተኞቹ ጥፋት ይጠየቃል። ችግሩ ማስረጃው ያለው በተከሳሹ እጅ መሆኑ ነው። ከመቂ ወይም ከባቱ ሪፈር ተጽፎለት አዳማ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የደረሰ ታካሚ በሦስት ቦታ ሦስት ካርድ አለው፤ እያንዳንዱ ተቋም ጥፋቱን ወደ ቀደመው ይመልሳል። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የመድኃኒት ማዘዣውን ኮፒ ሳይዙ አለመውጣት ይበጃል። ታካሚው ሞቶ ከሆነ ቀብሩ በማግስቱ ይፈጸማል፤ አስከሬኑ ሳይመረመር የሞቱ ምክንያት አብሮ ይቀበራል። ለቀዶ ጥገና መፈረምም ቸልተኝነትን መፍቀድ አይደለም። በደንብ ቁጥር 299/2006 የተቋቋመው የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ይመረምራል፤ ካሳ ግን አይወስንም። ጥቅሙ የሙያ አስተያየቱ በፍርድ ቤት እንደ ማስረጃ መቅረብ መቻሉ ነው።

ክሱ የሚቀርብበት የይርጋ ዘመን በአንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ያ ይቆጠራል። ሹፌሩ በወንጀል ተከሶ ነፃ መውጣቱ የካሳውን ክስ አይዘጋውም። የወንጀሉን ፍርድ እንጠብቅ እያሉ ሁለቱን ዓመት ማሳለፍ ግን አደገኛ ነው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያቃተው ድህነቱን አስረድቶ በደሀ ደንብ ይከሳል።

የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሕክምና ካርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ጉዳዩ የፌዴራል ሰበር ችሎት ከደረሰ ደግሞ ወደ አማርኛ ይተረጎማል። በትርጉሙ ሂደት «ስብራት» እና «ዘላቂ ጉዳት» እንዳይምታቱ የትርጉሙን ቅጂ ተጎጂው ራሱ ወይም ጠበቃው ቃል በቃል ማንበብ አለበት። በክርክሩ ወቅት ተከሳሹ መድን ድርጅቱ ጣልቃ እንዲገባ ይጠይቃል፤ ቀጠሮ ይራዘማል፤ በይግባኝና በሰበር ዓመታት ይሄዳሉ። እስከዚያ መኪናው ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠበቆች ክሱን በሚያስገቡበት ዕለት በሊብሬው ላይ የእግድ ማመልከቻ አያይዘው ያቀርባሉ።